ወንድነት ማዕረግ በነበረበት አገር

የካፋ ነገሥታት ዘውድ ከሰሜኑ ዘውዶች ጋር አይመሳሰልም። ቅርጹ የራስ ቁር ይመስላል፤ የሰጎን ላባ ይሰካበት ነበር፤ ከፊቱ ደግሞ ሦስት ጫፍ ያለው ጌጥ ተተክሎበታል። ዘውዱን ያጠኑ ሊቃውንት ይህ ጌጥ የወንድ ብልት ምስል እንደሆነ ጽፈዋል። በኮንሶና በቦረና የሥርዓት አባቶች ግንባራቸው ላይ የሚያስሩት ቀለቻም የዚሁ ዘመድ ነው። በ1897 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የምኒልክ ጦር የመጨረሻውን የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ሲማርክ ዘውዱም አብሮ ተማረከ። ኋላ በንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በኩል ዙሪክ ገባ፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1954 ነው።

ስለ ጾታዊ ማንነት የሚጻፍ ዳሰሳ ከዘውድ መነሣቱ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከኦሞ ወንዝ ወዲህና ወዲያ በነበሩት መንግሥታት ወንድነት ከአካልም በላይ ማዕረግ ነበር። ንጉሥ ራሱ ላይ ይደፋዋል፣ ጦረኛ ሰለባ ይዞ ተመልሶ ያስመሰክረዋል፣ የተሸነፈ ይነጠቀዋል። በወንድም በሴትም ወገን ያልተቆጠሩ ሰዎች በጽሑፍ ብቅ የሚሉት በአብዛኛው እዚሁ ማዕረግ ጠርዝ ላይ፣ ማለትም በቤተ መንግሥት ጓዳ፣ በአምልኮ ቤትና በጦር ሜዳ ነው። በዛሬው ክርክር «ድሮም ነበረ» የሚለውም «ከውጭ የመጣ ነው» የሚለውም ወገን ይህን ነገር እየዘለለው ያልፋል።

በደቡብ እስያ ጉዳዩ መደርደሪያ የሞላ ጥናት አለው። ስለ ሂጅራዎች፣ ስለ ሙጋል ቤተ መንግሥት ስልቦች፣ ስለ ቅኝ ግዛት ሕግና ስለ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች የታሪክ፣ የአንትሮፖሎጂና የሕግ ምሁራን ሠላሳ ዓመት ያለፈው ክርክር አካሂደዋል። በኢትዮጵያ ጥናት ውስጥ ግን ነገሩ የሚኖረው በግርጌ ማስታወሻ ነው፤ እዚህ አንድ አንቀጽ፣ እዚያ ግማሽ ገጽ። እነዚያን አንቀጾች ሰብስቦ ከእስያው ጋር ማስተያየት ግን ያዋጣል።

ከካፋ እንጀምር። የካፋን መንግሥት ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁሉ ሳያልፍበት የማይቀር ስም ፍሪድሪክ ቢበር ነው። የቪየና ሰው፣ በወጣትነቱ ጫማ ሰፊነት የለመደ፣ ኋላ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ያላፈራው ተመራማሪ ነበር። ካፋ የደረሰው በ1905 ሲሆን መንግሥቱ ከወደቀ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። የንጉሡን ቤተ መንግሥት ወግ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ሁለቱ የካፋ ጥራዞቹ በ1920 እና በ1923 በጀርመንኛ ታተሙ፤ የሰበሰባቸው ዕቃዎች ዛሬም ቪየና ሙዚየም ውስጥ አሉ።

ስለ ቢበር ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላ ሥራ አለው። ከካፋ ጥራዞች አስቀድሞ፣ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ፣ «አንትሮፖፊተያ» በሚባል መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን ወሲባዊ ሕይወት ተከታታይ ጽሑፎችን አውጥቷል። መጽሔቱን የሚያዘጋጀው ፍሪድሪክ ሳሎሞ ክራውስ ነበር። የየአገሩን ስድ ቀልድ፣ ወሲባዊ ወግና ልማድ «ለሳይንስ» ብሎ የሚሰበስብ፣ ሲግመንድ ፍሮይድ የደገፈው፣ በመጨረሻም በጀርመን ፍርድ ቤት ጸያፍ ተብሎ የተወገዘ መጽሔት ነው። ቢበር በ1909 በላከው አጭር ደብዳቤ በሐረር በወንዶች መካከል የሚደረግ ወሲባዊ ግንኙነት እንግዳ እንዳልሆነ ጽፏል። ደብዳቤው ሁለት ሦስት ገጽ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ «ስለ ኢትዮጵያ የተመዘገበ ማስረጃ» ሆኖ ኖሯል።

ይህን ማስረጃ በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ቢበር በትርጁማን የሚጠይቅ መንገደኛ ነበር፤ የጻፈበት መጽሔት ደግሞ ከየትኛውም አገር እንግዳ ወሬ ይፈልግ ነበር። ጠያቂው መስማት የሚፈልገውን የሚሰማበት ዕድል ሰፊ ነው። እንዲያም ሆኖ ቢበርን «ውሸታም» ብሎ መጣል አይቻልም፤ ስለ ካፋ ሹመት፣ ስለ ጎሳዎችና ስለ ንጉሡ መጋረጃ የጻፈውን የታሪክ ተመራማሪዎች እየተጠቀሙበት፣ ስለዚህ ጉዳይ የጻፈውን ብቻ መጣል አድልዎ ይሆናል።

ከቢበር ስድሳ ዓመት በኋላ አምኖን ኦረንት ቦንጋ አካባቢ ተቀመጠ። በ1969 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ስለ ካፋ የዘር ሐረግና ስለ ኤቆ አምልኮ ነው። ኤቆ መንፈስ ነው፤ የሚያድርበት ሰው አላሞ ይባላል፤ ሰዎች አላሞው ቤት እየሄዱ ችግራቸውን ያቀርባሉ፣ ፍርድ ይሰማሉ። ኤቆ በዘር ይወርዳል፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ስለዚህም የጎሳን ሥልጣን የሚያጸና ነገር ነው። ኦረንት ያየው ይህን ነው፤ መንፈሱ የወንዶችን የዘር መስመር ሲጠብቅ።

ጎንደር ላይ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ነገር ተጽፏል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ከዳካር-ጅቡቲ ተልዕኮ ጋር በ1932 ጎንደር ከርሞ ነበር፤ የዛር ባለቤት ከነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት ቤት ውሎ የተመለከተውን በ1958 በመጽሐፍ አወጣ። የዛር ሥርዓት ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ነገሩ አዲስ አይደለም። ዛሩ ወንድ ከሆነ ሴቲቱ «ፈረሱ» ናት፤ ሲጋልባት እንደ ጦር አለቃ ትፎክራለች፣ በወንድ አንቀጽ ትጠራለች፣ የወንድ ልብስና መሣሪያ ትጠይቃለች፣ ባሏም ይታዘዛታል። ዛሩ ሲወርድ ሴት ወይዘሮ ሆና ቡናዋን ታፈላለች። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግም ስለ ዛር በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ሥርዓት ዝቅ ተደርገው ለሚታዩ ሰዎች ክብር የሚያገኙበት መንገድ እንደሆነ አስረድቷል። በካፋ ኤቆ የወንዶችን መስመር ሲጠብቅ፣ በጎንደር ዛር መስመሩን ለአንድ ሌሊት ይከፍተዋል።

ይኸው ሜሲንግ በ1957 ለፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የአማራ ጥናት ውስጥ ሌላም ነገር መዝግቧል። በገጠር ያገኛቸው፣ የሴት ልብስና ሥራ የመረጡ ወንዶች፣ ገበሬው እግዜር ሲፈጥር የተሳሳተባቸው አድርጎ እንደሚያያቸው ጽፏል። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ወንዱም ሴቱም እንደ ወንድም ያያቸዋል፤ የሴቶቹ ባሎች አይቀኑባቸውም። ወንዳወንድ የሚባሉ ሴቶችንም ጠቅሷል። በዚህ አንቀጽ ቁጣም የለም፣ ውዳሴም የለም፤ የገበሬው ትከሻ ነቀነቃ ግን ይታያል። ጥሩ የሥራ ሰው ከሆነ ማን ይናገረዋል የሚል ነገር። ሜሲንግ ስለ ወሲብ አልተናገረም፤ ስለ ኑሮ እንጂ። ኋላ የጠቀሱት ጸሐፊዎች ይህን ልዩነት አንዳንዴ ያጠፉታል።

ኮንሶ ላይ ክሪስቶፈር ሃልፓይክ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። በ1972 በኦክስፎርድ የታተመው መጽሐፉ ስለ ኮንሶ እርከን፣ ስለ ትውልድ ደረጃና ስለ ጀግንነት በሰፊው ያትታል። ኮንሶ ጀግናውን በዋካ ሐውልት የሚያከብር፣ ወንድነትን በጥብቅ የሚለካ ሕዝብ ነው። ሃልፓይክ በዚሁ አገር «ሴታሴት» የሚባሉ ወንዶችን የሚገልጹ ከአንድ በላይ ቃላት መኖራቸውን መዝግቧል። ከነዚህ አንዱ ሰጎዳ ነው፤ ያላገባ፣ በጣም ደካማ ወይም የሴት ቀሚስ የሚለብስ ወንድ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። አንዱን ሃልፓይክ ራሱ አግኝቶታል፤ ቆዳ እያለፋ ይኖር ነበር፤ ቆዳ ማልፋት በኮንሶ የሴት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሜሲንግም ሃልፓይክም ያዩት ሰው የሚታወቀው በሥራው ነው። ወጡን ይሠራል፣ ቆዳ ያለፋል፣ ውኃ ይቀዳል። የዛሬው ጥያቄ «ራስህን ምን ትላለህ?» የሚል ሲሆን የዚያን ጊዜው ጥያቄ «ማን ቤት፣ ምን ትሠራለህ?» ነበር።

ከሁሉ የተሟላው የጽሑፍ ምስክር ግን የመጣው ከማሌ ነው። ማሌ ከካፋ በደቡብ ምሥራቅ፣ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ያለ ሕዝብ ነው፤ ቋንቋው እንደ ካፊኖኖ ከኦሞአዊው ቤተሰብ ይቆጠራል፤ እንደ ካፋም ንጉሥ ነበረው፤ ካቲ ይባላል። አሜሪካዊው ዶናልድ ዶንሃም ከአብዮቱ ዋዜማ ጀምሮ እዚያ ሠርቷል። በ1990 ባሳተመው «ታሪክ፣ ሥልጣን፣ ርዕዮተ ዓለም» በሚለው መጽሐፉ ስለ አሽቲሜዎች የጻፈው ነገር በመላው ዓለም ተጠቅሷል።

ካቲው በማሌ እምነት የወንድነት ምንጭ ነው። የምድሪቱ ልምላሜ፣ የከብቱ መራባት፣ የሰዉ መውለድ ሁሉ ከእርሱ ወደ አለቆች፣ ከአለቆች ወደ አባወራዎች እንደ ውኃ ይወርዳል። ስለዚህ በሥርዓት ቀን ለመውለድ ዕድሜ የደረሰች ሴት ወደ ንጉሡ ግቢ አትገባም። ግን ቤት ይጠረጋል፣ ምግብ ይሠራል፤ ይህን ማን ይሥራ? አሽቲሜዎች። ወንድ ሆነው ተወልደው የሴት ልብስ የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ የራሳቸውን ቤት የሚይዙ ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ ይሰበስባቸውና ይጠብቃቸው ነበር። በሥርዓቱ ዋዜማ ወንዶች ከሴት ጋር መተኛት ሲከለከሉ ከአሽቲሜ ጋር መተኛት አይከለከልም ነበር። ካቲ ሲነግሥም አንድ አሽቲሜ በሥርዓት ይሾም ነበር።

ዶንሃም ከዚህ የሚያወጣው ድምዳሜ ከብዙ ጠቃሾቹ የበለጠ ጥንቁቅ ነው። አሽቲሜ የነጻነት ምልክት አይደለም፤ የንጉሥ ወንድነት ከሴት ንክኪ እንዲጠበቅ የተሠራ አጥር ነው። ወንድነት በደረጃ የሚሰጥ ነገር ከሆነ፣ ከደረጃው ግርጌ የሚቆምም ሰው ያስፈልጋል። ዶንሃም እዚያ በደረሰበት ጊዜ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሌላው ማሌ ያ ሰው ከልማድ ውጭ እንደሆነ ያስብ ጀምሯል። የደርግ አብዮት የካቲውን ሥልጣን ጨርሶ ሲያነሣ፣ ወንጌላውያን አማኞችም በአገሩ ሲበረክቱ (ይህን ታሪክ ዶንሃም በ1999 በሌላ መጽሐፍ ጽፎታል) አሽቲሜን የሚያስፈልግ ግቢ አልቀረም። ቤተ መንግሥቱ ሲዘጋ ሚናው አብሮ ተዘጋ።

ካፋም ቤተ መንግሥቱ የተዘጋበት አገር ነው፤ ያውም ከማሌ ሰባ ስምንት ዓመት ቀድሞ። የካፋ ንጉሥ በሕዝብ ፊት የማይታይ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚናገር፣ ዘውዱ የወንድነት አርማ የተሸከመ ነበር። ከማሌው ካቲ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ዓይን ይስባል። ነገር ግን ተመሳሳይነት ማስረጃ አይደለም፤ «ካፋም አሽቲሜ ነበረው» ማለት ከአንድ ዘውድ ጌጥ ብዙ መጭመቅ ነው። የካፋ ጥናት በማኅበራዊ መገለል ላይ የታወቀው በሌላ መስክ ነው፤ በማንጆዎች። ቨርነር ላንገ፣ በ2003 የታተመውን የተገለሉ ወገኖች ጥናት ያዘጋጁት ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት፣ እንዲሁም የ2002ቱን የማንጆ ግጭት ያጠናችው ጃፓናዊት ሳዩሪ ዮሺዳ፣ ካፋ ውስጥ ሰው አብሮ ስለማይበላውና ስለማይጋባው ወገን ጥሩ ሥራ ሠርተዋል። ቦንጋ ያለ ተማሪ ስለ ማንነት መገለል መጻፍ ሲያስብ ከፊቱ የሚያገኘው ይህን ነው።

አሁን ባሕሩን እንሻገር፤ መሻገሪያው ራሱ ኢትዮጵያዊ ነው።

አረቡ አል ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲጽፍ ባሪያዎች ወሽሉ በምትባል ስፍራ ተሰልበው ለመታከም ወደ ሐድያ ይወሰዱ እንደነበር፣ የአምሐራው ገዥ ግን ድርጊቱን ይከለክል እንደነበር ዘግቧል። ስልብ ባሪያ ዋጋው ውድ ነበር፤ ገበያው ዓረቢያ፣ ግብፅ፣ ሕንድ። ሕንድ የደረሱት ሐበሺ ተባሉ። በ1487 ቤንጋል ውስጥ የቤተ መንግሥት ዘበኞች የነበሩ ሐበሾች ሱልጣኑን ገደሉ፤ ዙፋኑ ላይ የወጣው አለቃቸው ሻህዛዳ ስልብ ነበር። ዓመት ሳይሞላው በሌላ ሐበሻ እጅ ተገደለ፤ ሐበሾቹ ግን እስከ 1493 ገደማ ቤንጋልን ገዙ። ለአማርኛ አንባቢ የሚታወቀው የደከኑ ማሊክ አምባር ነው፤ እርሱ ስልብ አልነበረም፣ ልጆችም ወልዷል።

ስልብ በሙጋል ቤተ መንግሥት ኽዋጃሳራ ይባል ነበር፤ የእልፍኝ ጠባቂ፣ አንዳንዴም አገረ ገዥና የጦር መሪ። ሂጅራዎች ከእነዚህ ጋር ብዙ ጊዜ አብረው ይጠራሉ፤ የታሪክ ምሁራን ግን ሁለቱን አትቀላቅሉ ይላሉ። ኽዋጃሳራ የጌታ ሎሌ ነው፤ ሂጅራ ግን የራሱ ማኅበር አለው፤ ጉሩ የምትባል እናት አለችው፣ ቼላ የሚባሉ ልጆች አሉት፤ በጉጃራት ባሁቻራ ማታ የምትባል አምላክ ይለማመናል። ልጅ በተወለደበትና ሠርግ ባለበት ደጅ እንደ ላሊበሎች ይዘፍናሉ፣ ይመርቃሉ፤ እጃቸውን ባዶ የሚመልስ ሰው እርግማናቸውን ይፈራል።

እንግሊዞች ይህን ማኅበር አልወደዱትም። ጄሲካ ሂንቺ በ2019 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ በ1871 የወጣው የወንጀለኛ ነገዶች ሕግ ሁለተኛ ክፍል ለሂጅራዎች የተለየ ነበር። በመዝገብ እንዲጻፉ፣ በአደባባይ የሴት ልብስ እንዳይለብሱ፣ እንዳይዘፍኑና እንዳይጨፍሩ ተከለከሉ። ሹማምንቱ በግልጽ የሚጠብቁት ማኅበሩ ተተኪ አጥቶ እንዲያልቅ ነበር። አላለቀም። በ1860 የወጣው የሕንድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 377 ደግሞ «ከተፈጥሮ ውጭ» ያለውን ግንኙነት ሁሉ ቀጣ፤ ይኸው አንቀጽ ከሕንድ ተነሥቶ እንግሊዝ በገዛቸው የአፍሪካና የእስያ አገሮች ተዘራ።

ወደ ሂጅራዎች የሄደው የዘመናዊ ጥናት ማዕበል የተጀመረው በሴሬና ናንዳ ነው። በ1990 ያሳተመችው መጽሐፍ ሂጅራዎችን «ወንድም ሴትም ያልሆኑ» ብሎ ለዓለም አስተዋወቀ። ምዕራባውያን አንባቢዎች ወዲያው «ሦስተኛ ጾታ» የሚል ምድብ አገኙና ተደሰቱ። ጋያትሪ ሬዲ በ2005 ከሃይደራባድ ይዛ የመጣችው ጥናት ይህን ደስታ በጨዋ ቋንቋ አቀዘቀዘው። ሂጅራዎቹ ራሳቸውን የሚለኩት በጾታ ብቻ ሳይሆን በክብር፣ በሃይማኖት፣ በመደብ፣ በዝምድናና በእግዜር ፍርሃት እንደሆነ አሳየች፤ ብዙዎቹም በአኗኗራቸው ሙስሊም ነን ይላሉ። ሩት ቫኒታና ሳሊም ኪድዋይ በ2000 ከሳንስክሪት እስከ ኡርዱ የተጻፈውን ሰብስበው ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በሕንድ ድርሳናት ውስጥ እንዳለ ሲያሳዩ፣ አንጃሊ አሮንዴካር ደግሞ በ2009 ተቃራኒውን ጥያቄ አነሣች፤ በቅኝ ግዛት መዛግብት ውስጥ የጠፋውን ሰው ፈልጎ ማግኘት እንደሚቻል ለምን እንደዚህ እርግጠኛ ሆንን? ይህ ጥያቄ ቢበርን ለሚያነብ ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

ፍርድ ቤቱ የራሱን መንገድ ሄደ። የኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007፣ የሕንዱ በ2014 ሦስተኛ ጾታን አወቁ፤ ባንግላዴሽም በ2013 ሂጅራዎችን ተቀበለች። የ2011 የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ወንድም ሴትም ካልሆነው ሳጥን ውስጥ 487,803 ሰዎችን ቆጥሯል። አንቀጽ 377 በ2009 በዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወደቀ፣ በ2013 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳግም ጸና፣ በ2018 ደግሞ እንደገና ወደቀ፤ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ግን ይኸው ፍርድ ቤት በ2023 አልፈቀደም። ፓኪስታን በ2018 ሰፊ ሕግ አወጣች፤ የፌዴራሉ ሸሪዓ ፍርድ ቤት በ2023 ዋና ዋና አንቀጾቹን ሻረ። አንድ ነገር ልብ ይሏል። እስላማባድም ዴልሂም ለሂጅራዎች ቶሎ ቦታ የሰጡት ሂጅራ የታወቀ፣ በሠርግ የሚጠራ፣ በወግ የተቀመጠ ሰው ስለሆነ ነው። ይህ ወግ የሌለው፣ ከተማ ውስጥ በግል ሕይወቱ ብቻ የተለየ ሰው ብዙ ቆይቶ ነው ደጁ የተከፈተለት፤ በአንዳንድ አገር ገና አልተከፈተም።

በኢትዮጵያ ሕጉ አጭር ነው። በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ረቂቁን ያሰናዳው ስዊሱ ዣን ግራቨን ሲሆን፣ በአንቀጽ 600 ድርጊቱን ከለከለ። በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ወሲባዊ ድርጊት በቀላል እስራት ይቀጣል፤ የሚያከብዱ ሁኔታዎች ሲኖሩ ቅጣቱ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይደርሳል። ሕንድን የገዛው እንግሊዝ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን ሕጓን ከቅኝ ገዢ አልወረሰችም። ስለዚህ «ሕጉን ቅኝ ገዢ አመጣብን» የሚለው የአፍሪካና የእስያ ክርክር እዚህ አይሠራም። የአውሮፓ ሕግ አርቃቂ፣ የፍትሐ ነገሥት ቅርስና የቤተ ክርስቲያን አስተምህሮ አንድ ገበታ ላይ ተገናኝተው የተስማሙበት ሕግ ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን በዚህ ርዕስ ላይ ያላት ሰነድ ከውግዘቱ የሰፋ ነው። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠመቀው የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የምእመኑም ኩራት ነው። ስንክሳሩ ጥር 21 ቀን የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ኢላርያን ያነሣል፤ የወንድ መነኩሴ ልብስ ለብሳ ገዳም ገብታ፣ ጢም ስለሌላት ጃንደረባ መስላቸው የኖረች ቅድስት። ይህን «ትራንስጀንደር» ብሎ ማንበብ ለጽሑፉም ለቅድስቲቱም አይመችም፤ ጸሐፊው የሚያከብረው ሥጋን መካዷን ነው። ቢሆንም የልብስና የአካል መለያየት ለግዕዝ አንባቢ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ያሳያል።

በዚህ መስክ ትልቁ ጠብ የተነሣው በወለተ ጴጥሮስ ገድል ላይ ነው። ቅድስቲቱ ከ1592 እስከ 1642 ኖረው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት የተቃወሙ፣ ገዳማትን የመሠረቱ እናት ናቸው። ገድላቸውን በ1672 ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ጻፈው። ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር በ2015 በፕሪንስተን የእንግሊዝኛ ትርጉም ሲያወጡ፣ ቤልቸር ስለ ወጣት መነኮሳይያት የሚተርክ አንድ አጭር ክፍልንና ቅድስቲቱ ከመነኩሲቷ ከእህተ ክርስቶስ ጋር የነበራቸውን ጥብቅ ጓደኝነት በሴቶች መካከል ያለ ፍቅርና ምኞት ብላ ተነተነች። ኢትዮጵያውያን ምሁራንና ምእመናን ተቆጡ። ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2020 ባሳተሙት ሰፊ ትችት ትርጉሙ የግዕዙን ቃል ከአገሩ ትምህርት ነጥሎ በውጭ መነጽር አነበበው፣ ይህም የአፍሪካን ታሪክ በቅኝ ገዢ መንገድ እንደገና መጻፍ ነው ብለዋል።

ቁጣው ሁሉ ምሁራዊ አልነበረም፤ ክርክሩ ግን ምሁራዊ ጥቅም ነበረው። የቤልቸር ውለታ ገድሉን ለዓለም አንባቢ ማድረሷ ነው፤ ድክመቷ አንድን የገዳም ፈተና በዘመናችን ማንነት ቋንቋ መተርጎሟ ነው። መላእክታዊ ሕይወት በመረጡ እናቶች ዘንድ ማንኛውም የሥጋ ምኞት፣ ወደ ማንም ይሁን፣ ፈተና ነው፤ ገላውዴዎስ የሚጽፈው ስለ ፈተና እንጂ ስለ ማንነት አይደለም። ተቺዎቹም በበኩላቸው «እንዲህ ያለ ነገር ሊታሰብ አይችልም» ያሉበት ጊዜ አለ፤ የገዳም ሥርዓት መጻሕፍት ግን ይህን ፈተና ያውቁታል፤ ባያውቁት ኖሮ አይከለክሉትም ነበር።

ከገድልና ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ስለ ዛሬ ሰው የጻፈ ኢትዮጵያዊ ምሁር ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሶሲዮሎጂስት ጌትነት ታደለ በ2011 በአዲስ አበባ ከወንድ ጋር ወሲብ ስለሚፈጽሙ ወንዶች ያሳተሙት ጥናት የወንድነት ጥያቄን ዋና አድርጎታል። ማኅበረሰቡ «ወንድ ማለት ይህ ነው» ሲል የሚያወርደው ሸክም በእነዚህ ወንዶች ላይ እንዴት እንደሚከብድ ይመረምራል። የኤችአይቪ ምርምር በር ከፋች ሆነ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በአዲስ አበባ የተካሄደው የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤም በዚሁ ጉዳይ ላይ ከሃይማኖት አባቶች ተቃውሞ ገጠመው።

ከዚህ ጎን ለጎን የሄደው ታሪክ ግን የጥናት ሳይሆን የፖለቲካ ነው። በ2008 የሃይማኖት መሪዎች ክልከላው ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዲገባ ጠየቁ። በ2014 ድርጊቱን ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ዝርዝር ለመጨመር የታሰበው ረቂቅ ቀረ፤ የተጠራው ሰልፍም ተሰረዘ። በ2019 የቺካጎው ቶቶ ቱርስ ላሊበላን ጨምሮ ሊያደርግ ያሰበው ጉብኝት አገር አስነሣ። በነሐሴ 2023 የአዲስ አበባ የጸጥታ ባለሥልጣናት በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ ዘመቻ አድርገው ነዋሪው ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቁ። ስለ ጉዳዩ በስማቸው የሚናገሩት በአብዛኛው ውጭ አገር ያሉ ናቸው፤ «ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ» የተባለው ድርጅት አንዱ ነው።

በነዚህ ሁሉ ክርክሮች ማሌ ይጠቀሳል፤ አንዱ ወገን «አሽቲሜ አባቶቻችን ያውቁት ነበር» ሲል ሌላው «አንድ ፈረንጅ የፈጠረው» ይላል። ስቲቨን መሪና ዊል ሮስኮ በ1998 ከመላው አፍሪካ የለቃቀሙትን መጽሐፍ ሲያወጡ ቢበርን፣ ሜሲንግንና ዶንሃምን በአንድ ገበታ አቀረቧቸው። የዛሬው ጠቃሽ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ይህን መጽሐፍ እንጂ ዋናዎቹን አይደለም። ከሐረር የተላከ የመንገደኛ ደብዳቤ፣ የአማራ ገበሬ ትከሻ ነቀነቃና የማሌ ንጉሥ የጓዳ ሥርዓት አንድ ዓይነት ነገር ሆነው ይወጣሉ። አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው ወሬ ነው፣ ሁለተኛው ጎረቤትነት ነው፣ ሦስተኛው የመንግሥት ተቋም ነው። ማርክ ኤፕሬክት በ2008 ያሳተመው መጽሐፍ «አፍሪካ ይህን አታውቅም» የሚለው ሐሳብ ራሱ በአንትሮፖሎጂስቶች፣ በሐኪሞችና በኤድስ ተመራማሪዎች እጅ እንዴት እንደተሠራ ያሳያል፤ ተቃራኒውም ሐሳብ በተመሳሳይ ፍጥነት እየተሠራ እንደሆነ መጨመር ይቻላል።

የደቡብ እስያው ጥናት ከኢትዮጵያው የሚለየው በገጽ ብዛት ብቻ አይደለም። እዚያ የሚጠናው ሰው መልሶ መናገር ጀምሯል። ከታሚል ናዱ የተነሣችው ኤ. ሬቫቲ ከቤት መባረሯን፣ የጉሩ ቤት ኑሮዋን፣ የፖሊስ ዱላን በገዛ ቋንቋዋ ጽፋ በ2010 በእንግሊዝኛ አስነብባለች፤ መጽሐፏ በሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩበታል። ማሌ ውስጥ ግን ያለን የአንድ አሽቲሜ ድምፅ ነው። ዶንሃም ሲጠይቀው፣ ወንድ ቢሆን አግብቶ ይወልድ እንደነበር፣ ሴት ቢሆንም አግብቶ ይወልድ እንደነበር፣ እርሱ ግን አምላክ ጠማማ አድርጎ ስለፈጠረው ሁለቱም እንዳልሆኑለት ነግሮታል። ቅሬታው ስለ ልብሱም ስለ አልጋውም አይደለም፤ ልጅ ስለማጣቱ ነው። ዘሩ በአባት መስመር በሚቆጠርበት አገር፣ ካፋም ሆነ ማሌ፣ ይህን ንግግር ማንም ሽማግሌ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።